«ክኒን ካልጀመረ ለሁለተኛው ሴሚስተር እንዳታመጡት»

ሲስተርን እንጠይቅ

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ አንድ ዓይነት ነው፣ ልጁ አርፎ አይቀመጥም፣ ትኩረት የለውም፣ መድኃኒት ይሰጠው ወይስ ይቅርበት። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት ይሄንኑ ከእድሜ በላይ የሆነ የመቅበጥበጥና የትኩረት ማጣት ችግር ነው። ከደሴም ከኮምቦልቻም ስለመጡ ለዛሬ እነሱን ብቻ ሰብስቤ ልመልስ። የሰውም የትምህርት ቤትም ስም አላወጣሁም፣ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች ደግሞ ትንሽ ቆርጫቸዋለሁ። እንደምታውቁት እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ልጆቻችሁንም በአይኔ አላየኋቸውም፣ ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሐኪም ጋ ስትሄዱ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እንዲረዳችሁ ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር እንዴት ነሽ። እኔ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነው፣ የግል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ነው። ከነርሰሪ ጀምሮ ቀበጥባጣ ነው ይሉኛል ዘንድሮ ግን ባሰበት፣ ኮሙኒኬሽን ቡኩ በየቀኑ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ከወንበሩ ይነሳል፣ ጓደኛውን ይረብሻል፣ ክላስ ወርክ አልጨረሰም ምናምን። ባለፈው ዳይሬክተሯ እኔንና ባሌን ጠራችንና ኤዲኤችዲ አለበት፣ መድኃኒት ካልጀመረ ለሁለተኛው ሴሚስተር እንዳታመጡት አለችን። ባሌ ተናዶ ጥሎ ወጣ። እህቴ ቨርጂኒያ ናት፣ የሷም ልጅ ይሄው ነገር አለበት አደራል የሚባል ይወስዳል፣ ለፋሲካ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ ግማሽ ግማሽ እያረግሽ ትሰጪዋለሽ አለችኝ። እናቴ ደግሞ ፀበል ይግባ ነው የምትለው። በዛ ላይ ቤት ውስጥ ካርቱን ከተከፈተለት ሁለት ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል እና እውነት በሽታ ነው እንዴ እላለሁ። ልጁ 6 ዓመት ከመንፈቅ ነው፣ ስናስመዘግበው ግን 7 ሞልቶታል ብለን ነው። ምን ላርግ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አርገሽው ሄድሽ። ልጁ 6 ዓመት ከመንፈቅ ነው፣ አብረውት የተቀመጡት ግን 7 ሞልቷቸው የገቡ፣ አንዳንዶቹም ወደ 8 የሚጠጉ ልጆች ናቸው። መንግስት አንደኛ ክፍል መግቢያ 7 ዓመት ነው ያለው ዝም ብሎ አይደለም፣ በዚህ እድሜ የወራት ልዩነት ብዙ ነው፣ እርሳስ አያያዙም ተራ መጠበቁም 40 ደቂቃ ሙሉ ቂጡን ወንበር ላይ አርጎ መቆየቱም በወራት ነው የሚለያየው። አሜሪካኖች ይሄንን በቁጥር አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ 5 ዓመት የሞላው ነው ኬጂ የሚገባው በሚሉ ስቴቶች ውስጥ ኦገስት የተወለዱትንና ሴፕቴምበር የተወለዱትን አነጻጸሩ፣ ማለትም የክፍሉን ትንንሾችና የክፍሉን ትልልቆች። ኦገስት ከተወለዱት ከ10,000 ልጅ 85ቱ ኤዲኤችዲ ተብለዋል፣ ሴፕቴምበር ከተወለዱት 64ቱ፣ በ34 በመቶ ይበልጣል። በአንድ ወር የልደት ልዩነት በሽታ እንዲህ አይበዛም፣ ልዩነቱ አስተማሪዋ ልጁን ከማን ጋር እያስተያየች እንደምታየው ነው። እኛ ጋ ደግሞ እድሜ ጨምሮ ማስመዝገብ እንደ ጉብዝና ይቆጠራል፣ ሠራተኛ ስለጠፋች ወይም ቤት ከሚውል ይልመድ ተብሎ ይገባል፣ ከዛ ልጁ በውሸት እድሜው ሲመዘን ይኖራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ትክክለኛ እድሜውን ለትምህርት ቤቱ ንገሪ። ያሳፍራል፣ ግን ሐኪም ጋም 7 ብለሽ ካርድ ካወጣሽ ሐኪሙም በዛው ነው የሚመዝነው። ዩኬጂ ይመለስ የሚል ሀሳብ ከመጣ ደግሞ ቶሎ ፊትሽን አታጥቁሪ፣ በ6 ዓመቱ አንድ ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ምንም አይጎድልበትም፣ የሚጎዳው የጎረቤት ወሬ የሚፈራው ወላጅ ነው።

ዳይሬክተሯን በተመለከተ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን እሷና መምህሯ ከኔም ከሐኪሙም በላይ ያውቃሉ፣ ይሄንን እንስማቸው። ኤዲኤችዲ ነው ብሎ መበየን ግን ሥራቸው አይደለም፣ ክኒን ካልጀመረ እንዳታመጡት ማለት ደግሞ ጭራሽ። እነዚህ መድኃኒቶች እንደ ልብ በሚታዘዙባት በአሜሪካ እንኳ ነገሩ ወላጆችን ሲያስጮህ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕግ አንድ ትምህርት ቤት ልጁን ለመቀበል ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት እንዲወስድ ማስገደድ እንደማይችል ተደንግጓል። ሄደሽ ተጣልተሽ ነይ ማለቴ ግን አይደለም፣ በወረቀት ጻፉልኝ በያቸው። በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው የሚነሳው፣ ከእረፍት በፊት ነው በኋላ፣ ከማን ጋ ሲቀመጥ ይብሳል። «ይረብሻል» የሚለው ቀይ እስክሪብቶ ለሐኪም ምንም አይነግረውም፣ «አማርኛ ላይ ይቀመጣል፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ሳይንስ ላይ ግን አስሬ ይነሳል» የሚል ወረቀት ግን ብዙ ይነግረዋል። የማይገባውን ቋንቋ ሲሰማ የሚውል ልጅ ቢነሳ ቢቀመጥ ምን ይገርማል።

የእህትሽ ነገር ግን በፍጹም። አደራል አምፌታሚን የሚባል የሚያነቃ መድኃኒት ነው፣ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት፣ ለአንድ ሰው በስሙ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፣ ለሌላ ልጅ ብሎ በሻንጣ ይዞ መምጣት ለራሷም ጣጣ ነው። ከዛ ባለፈ የሷ ልጅ ስንት ኪሎ ነው፣ ልቡ ተደምጧል ግፊቱ ተለክቷል፣ ያንቺው ተደምጧል? ረጅም ሰዓት የሚሠራው ካፕሱል ደግሞ ውስጡ ትንንሽ ፍሬ ነው፣ ግማሽ ተብሎ በምላጭ አይቆረጥም። ልጁ ምግብ እምቢ ቢል እንቅልፍ አጥቶ ቢያድር ለማን ልትደውዪ ነው፣ ለቨርጂኒያ?

የካርቱኑ ነገር ማስረጃ አይሆንም፣ ኤዲኤችዲ ያለበትም ልጅ ደስ የሚለው ነገር ላይ ተተክሎ ሊውል ይችላል። ሐኪሞች የሚያዩት ሌላ ነው፣ ነገሩ ቢያንስ 6 ወር የቆየ መሆኑን፣ 12 ዓመት ሳይሞላው መጀመሩን፣ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ቤትም ዘመድ ጋም መታየቱን፣ ከእድሜ እኩዮቹ አንጻር የበዛ መሆኑን፣ እና ኑሮውን እውነት ማበላሸቱን። ከዛ በፊት ግን የሕፃናት ሐኪም ጆሮውን፣ አይኑን፣ ደም ማነሱን፣ እንቅልፉን ይይ። ማታ አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ልጅ ቀን ቢቀበጠበጥ የሚጠበቅ ነው። ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ከሕፃናት ሐኪሙ ሪፈር አጽፈሽ እዛ ትሄጃለሽ፣ የልጆች ስፔሻሊስት ካስፈለገ እነሱ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ ይጽፉልሻል።

እስከዛው ቤት ውስጥ የሚሞከር አለ፣ ባልሽም ያግዝሽ። ሦስት ትዕዛዝ አንድ ላይ አትስጪው፣ «ጫማህን አውልቅና ታጠብና ደብተርህን አውጣ» ሲባል የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቲቪውን አጥፊና አጠገቡ ሄደሽ አይኑን እያየሽ አንዷን ብቻ ንገሪው፣ ሲያደርጋት እዛው ወዲያው አመስግኚው፣ ማታ አባቱ ሲመጣ አይደለም። የቤት ሥራውን አስር አስር ደቂቃ ከፋፍይለት፣ መሀል ላይ ግቢ ወጥቶ ይሩጥ። ቀላል ይመስላል ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ በመጀመሪያ የሚያዘው ይሄንኑ የወላጅ ሥልጠና ነው፣ ከ6 በላይም ቢሆን መድኃኒቱ ከዚህ ጋር ተያይዞ እንጂ ብቻውን አይመክርም። ያንቺ ልጅ ደግሞ ድንበሯ ላይ ነው።

ፀበሉን በሚመለከት ከእናትሽ ጋ አልጣላሽም፣ ይግባ። በዚህ በደሴ ብርድ ሌሊት ራቁቱን አስሮ ማቆየት ወይም ጦም ማዋል ግን የለም፣ ይሄንን ለሚያስጠምቁትም ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ከደሴ ወጣ ብሎ ጢጣ ነው ያለነው። የማሳድገው ልጅ አለ የሟች ልጄ ልጅ፣ 8 ዓመቱ ነው። የሚጥለው ነበር፣ ጤና ጣቢያ ወስጄው ፌኖባርቢታል የሚሉትን ክኒን ሰጡን አልሀምዱሊላህ መውደቁ ቆመ። ግን ከዛ ወዲህ ልጁ እሳት ሆነብኝ፣ ይመታል፣ ጣራ ላይ ይወጣል፣ ሌሊት ይነሳል። ቁርአን ቤት ሸሁ ልጁን ትንሽ አሳርፊው ብለው መለሱልኝ፣ ትምህርት ቤትም እንደዛው። ጎረቤቴ አዲሳባ ለቅብጥብጥ ልጅ የሚሆን ክኒን አለ ትለኛለች። በመድኃኒት ላይ መድኃኒት ልጨምርበት ወይስ ያንን ላቁምለት?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እናቴ። መጀመሪያ አንድ ነገር፣ የልጅ ልጅዎ ይሄንን ሁለቴ ታንብብልዎት፣ ክኒኑን በራስዎ እንዳያቆሙ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል፣ አንዱ ሳያባራ ሌላው እየተከተለ መጣል ለሕይወት ያሰጋል።

ግን ያዩት ነገር ልክ ነው፣ የእርስዎ ዓይን ነው የያዘው። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያም ይገኛል፣ ብዙ ልጅም አድኗል፣ ሆኖም አንዳንድ ልጆችን ልክ እርስዎ እንዳሉት ያደርጋቸዋል፣ ያቁነጠንጣቸዋል፣ ያበሳጫቸዋል፣ እንቅልፋቸውን ያዛባል። የታወቀ ጠባዩ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የባሕርይ ችግር ላለበት ልጅ ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቢመረጥ ይሻላል ይላል። ስለዚህ ሁለተኛ ክኒን ከመፈለግዎ በፊት መጀመሪያ ወደሰጡዎት ሰዎች ይመለሱ፣ «መውደቁ ቆሟል፣ ጠባዩ ግን መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ነው የተቀየረ» ብለው ይንገሯቸው፣ ከጀመረ ወዲህ የምትለዋን እንዳይረሷት፣ እሷ ናት ዋናዋ። መጠኑን ሊያስተካክሉት ወይም ቀስ ብለው ወደ ሌላ ሊቀይሩት ይችላሉ፣ ጤና ጣቢያው ካልቻለ ሆስፒታል ይጽፉልዎታል። ሸሁንም አይቀየሟቸው፣ ልጁ ታሞ እንጂ ባልጎ እንዳልሆነ ሄደው ያስረዷቸው፣ ለአጭር ሰዓት ተቀምጦ ይሂድ ቢሏቸው የሚቀበሉዎት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅቱ። ኮምቦልቻ በመንግስት ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 64 ተማሪ አለ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት እየሆኑ ነው የሚቀመጡት፣ ከሰዓት ፈረቃ ሲሆን ደግሞ የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቂዋለሽ። እኔ በበኩሌ ትኩረት የላቸውም የምላቸው 15 ያህል ልጆች አሉ። ስለ ኤዲኤችዲ ሰምቻለሁ፣ ለነዚህ ልጆች ሕክምና ቢጀመር ጥሩ ነበር ብዬ አስባለሁ። ለወላጆቻቸው እንዴት ልንገር? አንዳንዱ ልጅህ አብዷል ያልኩት ይመስለዋል።

መልስ፦ መምህር፣ 64 ልጅ ይዘው ስለ እያንዳንዱ የሚጨነቁ ከሆነ እኔ ምን እላለሁ። ግን ቁጥሩን አንዴ እንየው። በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ኤዲኤችዲ ከልጆች ወደ 5 በመቶው ላይ ነው የሚገኘው፣ ከ64ቱ 3 ልጅ ቢሆን ነው። የቀሩት 12ቱ ሌላ ነገር ነው ያለባቸው፣ የኤዲኤችዲ ክኒንም አይፈልጉም።

አንዱ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ነው፣ እሱን እርስዎ ከኔ በላይ ይለዩታል። ሌላው አይሰማም፣ ጆሮው መግል እየያዘ የሚደርቅ ልጅ ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ ስሙ ሲጠራ የማይመልሰው ንቆ አይደለም። ፈዛዛ የሚሏትን ልጅ ደግሞ ጠጋ ብለው ይዩዋት፣ እየጻፈች ድንገት እጇ ቀጥ ይልና ለጥቂት ሰከንድ አንድ ቦታ ታፈጣለች፣ አይኗ ሽፋኑ እርግብ እርግብ ይላል፣ ቢነኳትም አትሰማም፣ ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። ይሄ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ህልም አይደለም፣ የማይጥል ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ትሂድ። ቤተሰብ አያየውም፣ ጽሑፍ ላይ ስለሚታይ መምህር ነው ቀድሞ የሚያየው።

ከዛ ደግሞ ጦርነቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከደሴም ከኮምቦልቻም በእግራቸው የወጡ፣ ወይ በር ዘግተው ውስጥ የቆዩ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው አሁን ዴስክ ላይ ያሉት፣ አንዳንዶቹ ያኔ ጨቅላ ነበሩ። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ዴስክ ስር የሚገባ፣ በር ሲንኳኳ የሚደነብር፣ ሌሊት ስለማይተኛ ቀን የሚፈዝ፣ ትንሽ ነገር የሚያናድደው ልጅ በወረቀት ላይ ሲሞላ ኤዲኤችዲ ይመስላል። ትኩረት የለውም ማለት እውነት ነው፣ ግን ትኩረቱ በር በሩን ሲያይ ነው የሚውለው። ለዚህ ልጅ የሚያነቃ ክኒን መስጠት ያለበትን መደንበር ሊያብስበት ይችላል፣ እሱ የሚፈልገው የሚያናግረውና የሚያረጋጋው ሰው ነው። ወላጅ ሲመጣ «ያኔ የት ነበራችሁ» ብሎ በቀስታ መጠየቅ ብዙ ያወጣል።

ኤዲኤችዲ ሊኖርባቸው ይችላል ያልናቸውን ሦስቱን ደግሞ ከፊት፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ አርገው ያስቀምጧቸው፣ ጠመኔ አምጣ ደብተር ሰብስብ እያሉ በሕጋዊ መንገድ ያስነሷቸው፣ በብጣሽ ወረቀት ላይ በቀን ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉላቸው፣ ለምሳሌ «እጁን አውጥቶ ተናገረ»፣ «የጀመረውን ጨረሰ»፣ አዎ ወይም አይ ብቻ፣ ማታ ቤት ታይቶ ይመሰገንበታል። የተጠና ዘዴ ነው ከወረቀት በቀር ወጪም የለውም። 64 ልጅ ባለበት ክፍል እንዴት ይሆናል ቢሉኝ ለሦስት ልጅ ብቻ ነው እላለሁ፣ የክፍሉን ብዛት ግን እኔም ክኒኑም አናስተካክለውም፣ እሱ የመንግስት ሥራ ነው። ለወላጅ ሲነግሩ የበሽታ ስም አይጥሩ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን አለሽ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ የጭነት ሹፌር ነኝ። ልጄ 10 ዓመቷ ነው 4ኛ ክፍል። ረባሽ አይደለችም እንደውም ዝምተኛ ናት፣ ግን እርሳስ በየቀኑ ነው የምትጥለው፣ አንድ ገጽ ለማንበብ ማታው ይመሻል፣ ስታለቅስ ነው የምታድረው፣ ደደብ ነኝ ትላለች። አዲስ አበባ ስፔሻሊስት ጋ ወሰድኳት ከብዙ ምርመራ በኋላ ኤዲኤችዲ ነው ተብሎ ሜቲልፌኒዴት ጀመረች። ተሻላት፣ በጣም፣ መምህሯ ራሷ ደውላ ምን አረጋችኋት አለችኝ። ግን ምሳ እቃዋ ሳይነካ ነው የሚመለሰው ቀጥናለች። የሚስቴ ወንድም ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ልጅህን ጫት ልታስቅማት ነው እንዴ አለኝ፣ ከዛ ወዲህ ሚስቴም ፈራች እናቋርጥ ትላለች። እውነት ከጫት ጋ አንድ ነው? ሱስ ይሆንባታል? እስከመቼስ ነው የምትወስደው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚስትህ ወንድም ከአፉ ያወጣው ነገር ግማሹ እውነት ነው፣ ስለዚህ ስድብ ነው ብለን አንለፈው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ ሜቲልፌኒዴትም የሚሠራው አንጎል ውስጥ እነዚሁ የሚነኩትን ዶፓሚን የሚባለውን ነገር ከፍ በማድረግ ነው። ልዩነቱ መጠኑና አወሳሰዱ ላይ ነው። አንድ ጎልማሳ በርጫ ላይ ከምሳ እስከ ማታ ሲቅም መርቅኖ ለመዋል ነው፣ ስንት እንደገባበትም አያውቅም፣ ልጅህ የምትወስደው ግን በሚሊግራም ተለክቶ፣ ቀስ ብሎ በሆድ በኩል የሚገባ፣ አጭሩ ዓይነት ከሆነ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ሠርቶ የሚወጣ ነው፣ በታዘዘላት ልክ ስትወስደው ምርቃና የለውም። በልጅነታቸው ታዘው የወሰዱ ልጆችን እስኪያድጉ የተከታተሉ ጥናቶች በዚህ ምክንያት ወደ ሱስ ገቡ የሚል ውጤት አላገኙም። ክኒኑን ሰብስቦ መሸጥና ያለ ትእዛዝ መውሰድ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ሱስ ያሲዛል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ አንተ ጋ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ቦርሳዋ ውስጥ አይደር።

አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 ቻርልስ ብራድሌይ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሮድ አይላንድ በሚገኝ የልጆች ሆስፒታል ውስጥ ከጭንቅላት ራጅ በኋላ ራስ ምታት ለያዛቸው ልጆች ይረዳ ይሆናል ብሎ ቤንዘድሪን የሚባል አምፌታሚን ሰጣቸው፣ ራስ ምታቱን ብዙም አልረዳውም፣ ከ30ዎቹ ግማሽ ያህሉ ግን ትምህርታቸው በቀናት ውስጥ ሲሻሻል አየ፣ ልጆቹ ራሳቸው የሂሳብ ክኒን ይሉት ነበር። ሜቲልፌኒዴት ከዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተሠራ፣ ሪታሊን እየተባለ የሚሸጠው እሱ ነው። ክርክሩም እስከዛሬ አላለቀም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ይግባ ተብሎ ሲጠየቅ ማስረጃው አልበቃኝም ብሎ መልሶታል። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ100 በላይ ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ለልጆች፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ሜቲልፌኒዴት ይቅደም ብሏል። ሁለቱ አይጋጩም፣ በወራት ውስጥ መሥራቱ በደንብ ይታወቃል፣ የዓመታቱ ነው ክርክሩ።

የዓመታቱን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርህ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የወጣ 579 ልጆች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር፣ በ14 ወር ውስጥ በደንብ ክትትል የተደረገበት መድኃኒት ከባሕርይ ሥልጠና ብቻ በልጦ ታየ፣ ሙከራው ከተጀመረ 3 ዓመት ሲሆነው ግን በቡድኖቹ መሀል ልዩነቱ ጠፋ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ የወሰዱት ደግሞ ካልወሰዱት በቁመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አንሰው ተገኙ። ሌላ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አለ፣ 173 ልጆች መድኃኒቱን በወሰዱ ጊዜ ብዙ ጥያቄ ሠሩ፣ ረብሻቸውም ቀነሰ፣ አዲስ የተማሩት ትምህርት ግን ካልወሰዱበት ጊዜ አልበለጠም። ለዚህ ነው መድኃኒቱ አስቀምጧት ማንበቡን ግን ሰው ያስተምራት የምልህ። የአንድ ገጽ ንባብ ማታውን ሙሉ የሚፈጅባት ትኩረት አጥታ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የማንበብ ችግርም ራሱን ችሎ አብሮ ሊኖር ይችላልና ያንን ይመርምሩልህ።

አቋርጥ ወይስ ቀጥል የሚለውን ካዘዘላት ሐኪም ጋ ነው የምትወስነው። እኔን ከጠየቅከኝ ግን፣ በደንብ ተመርምራ፣ ደደብ ነኝ ማለት ያቆመችን ልጅ ለአጎቷ ምላስ ብዬ አላስቆማትም። ያላስመረመረ ሰው ክኒን ሲሰጥ እንደምናደደው ሁሉ የተመረመረች ልጅ በይሉኝታ ስታቋርጥም እናደዳለሁ፣ ዝምተኛ ሴት ልጆች ደግሞ ረባሽ ስላልሆኑ ማንም ሳያያቸው ስምንተኛ ክፍል የሚደርሱ ናቸው።

የምሳ እቃዋ ነገር ግን ቀላል አይደለም፣ እሱ ላይ ሥራ። መድኃኒቱ ሲሠራ ርሃቡን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ጠዋት ከክኒኑ በፊት ጠንከር ያለ ቁርስ ትብላ፣ ገንፎም ይሁን ጨጨብሳ፣ ወይ እንቁላል በዳቦ፣ እሷ ምሳ አልበላም ብትል አትጩሁባት፣ አመሻሽ ላይ ሲወጣላት ራሷ ትጠይቃለች፣ ያኔ እራቷ ሁለት ጊዜ ቢሆንስ። በየሦስት ወሩ ገደማ ኪሎዋንና ቁመቷን አስለክተህ በደብተር ያዝ፣ ግፊቷና የልብ ምቷም ይለካ፣ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት በልብ የሞተ ሰው ካለ ለሐኪሙ ሳትነግረው እንዳትቀር። ከሰዓት ዘግይታ ከወሰደች እንቅልፍ ያሳጣታል። አንተ መንገድ ላይ ሆነህ ክኒኑ ቢያልቅና ጥቂት ቀን ብትዘል እንደሚጥል በሽታ መድኃኒት አደጋ የለውም፣ አትደናገጥ፣ ግን ሲገኝ ያመለጠውን ደርባችሁ እንዳትሰጧት። እስከመቼ ላልከው ደግሞ በዓመት አንዴ ከሐኪሟ ጋ ተነጋግሮ ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ማየት አለ፣ ፈተና በሌለበት ግን ትምህርት ባለበት ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ክረምት ላይ ብታቆም ልዩነቱን በምን ታያለህ።

አንድ ነገር ደብዳቤህ ላይ አጣሁ፣ እሷ ምን ትላለች? የምትወስደው ምን እንደሆነ ነግረሃታል? ቫይታሚን ነው ብላችሁ እንዳትዋሿት፣ 10 ዓመቷ ነው፣ አጎቷ ጫት ሲል ሰምታው ይሆናል። ሚስትህንም በሚቀጥለው አዲስ አበባ ስትሄዱ አብራ ሐኪሙ ጋ ትግባና ፍርሃቷን ራሷ ትጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሲስተር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ደሴ። ጓደኞቼ ለማትሪክ የሚያነቃ ክኒን እናስመጣ እያሉ ነው፣ ካልሆነም ጫት እየቃምን ሌሊት እናጥና ይላሉ። ይጠቅማል?

መልስ፦ አይ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ሙከራ 40 ጤነኛ ወጣቶች ሜቲልፌኒዴትና መሰሎቹን ወስደው ከባድ ሂሳባዊ እንቆቅልሽ ሲሠሩ አይቷቸዋል፣ ብዙ ለፉ፣ ብዙ ጊዜም ወሰዱ፣ የሠሩት ግን ያለ መድኃኒት ከሠሩት የባሰ ነበር። ጫቱም ሌሊቱን ያስነጋልሃል፣ ያጠናኸው ግን እንቅልፍ ካላገኘህ አይያዝም። በጥቁር ገበያ የሚመጣ ክኒን ውስጡ ምን እንዳለ ደግሞ ሻጩም አያውቀውም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኛና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተህ አጥና፣ ጓደኞችህ ያኔ ገና ከምርቃና እየወረዱ ነው።